ቀጥ ያለው ለመጋዝ፣ ጠማማው ለዘር፦ የእናት ዛፍ ምርጫ በጎንደር ለምን ከአበባው ይጀምር?

ክረምት ሲቃረብ በጎንደርና በዙሪያዋ የሚሰማው ቁጥር የችግኝ ቁጥር ነው። ይህን ያህል ሚሊዮን ፈላ፣ ይህን ያህል ጉድጓድ ተቆፈረ፣ አምና ከተተከለው ይህን ያህሉ ጸደቀ ይባላል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ከተነገረ ወዲህ ደግሞ ቁጥሩ ራሱ የሥራው መለኪያ ወደ መሆን ሄዷል። የጽድቀት ጉዳይ ከጊዜ ወዲህ መነሣቱ ደግ ነው። ከዚያ ቀድሞ መምጣት የነበረበት ጥያቄ ግን አሁንም ተራው አልደረሰውም፦ ይህ ችግኝ የማን ልጅ ነው? እናቱ፣ ማለትም ዘሩ የተለቀመባት ዛፍ፣ የትኛዋ ናት? አባቱስ ማነው?

ጥያቄው የተመራማሪ ቅንጦት የሚመስለው ብዙ ነው። የአንገረብን ግድብ ደለል እየሞላው፣ ተራራው ተራቁቶ፣ «እናቱ ማናት» ብሎ መጠየቅ የጥጋብ ወሬ ይመስላል። ችግሩ ዛፍ ስህተትን ቶሎ አለመናገሩ ነው። መጥፎ ዘር የተዘራበት ማሳ በዓመቱ ይታወቃል፤ መጥፎ ዘር የተተከለበት ተራራ ግን የሚታወቀው ከ20 እና ከ30 ዓመት በኋላ፣ ዛፉ አጥሮ፣ ተጣሞ፣ ወይም ሳያብብ ሲቀር ነው። ያን ጊዜ ዘሩን የገዛው ጡረታ ወጥቷል፤ ያከፋፈለው መዝገብም የለም።

ለመሆኑ ዘሩ ከየት ይመጣል? የችግኝ ጣቢያ ወይ ከአቅራቢ ይገዛል፣ ወይ በአካባቢው ሰው ያስለቅማል። ክፍያው አብዛኛውን ጊዜ በኪሎ ነው። በኪሎ የሚከፈለው ለቃሚ ደግሞ ሥራውን ያውቃል፤ ጠዋት ወጥቶ ከቀትር በኋላ ጆንያውን ሞልቶ መመለስ ይፈልጋል። ስለዚህ የሚሄደው ወደ አጭሩ ዋንዛ ነው፤ ከመሬት ብዙም ሳይርቅ ቅርንጫፍ ወዳወጣው፣ ሳይወጡ በዱላ ወደሚያራግፉት፣ ፍሬው ወደተንዠረገገው። ግንዱ ለስልሶ ቀጥ ያለውን፣ ፍሬውን 15 ሜትር ላይ የሰቀለውን ማን ይወጣል? ለዚያ ድካም የሚከፈል ተጨማሪ ሳንቲም የለም።

ቀጥ ያለው ዋንዛስ ቢሆን የት ተገኝቶ? በርና መስኮት፣ አልጋና ጠረጴዛ፣ ሙቀጫና ከበሮ ሆኗል። ደንቢያ ሜዳ ላይ በየማሳው ቆመው የምናያቸው ዋንዛዎች ብዙዎቹ አናጢ ዞሮ ያላያቸው ናቸው፤ የተጣመሙ፣ ከታች የተከፈሉ፣ ጎናቸው የተቦረቦረ። ለጥላና ለከብት ማሰሪያ ስለሚያገለግሉ ቀርተዋል፤ በየዓመቱም ያብባሉ፣ ያፈራሉ። ዘር ለቃሚው የሚያገኘው እነሱን ነው። ይህን ማንም አቅዶት የተደረገ አይደለም። ግን ለመቶ ዓመት ሲደጋገም ራሱን የቻለ የዝርያ ምርጫ ይሆናል፦ ቀጥ ያለው ወደ መጋዝ፣ ጠማማው ወደ ችግኝ ጣቢያ።

በደን ሳይንስ የዚህ ተቃራኒ የሆነው ሥራ በአውሮፓ የተጠናከረው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ ነው። ዴንማርካዊው ሲራክ ላርሰን፣ ከእሱም በኋላ የስዊድን የደን ባለሙያዎች፣ ጫካ ውስጥ ገብተው ምርጥ ምርጡን ዛፍ ቀለም እየቀቡ መዘገቡ፤ ከጫፋቸው ቀንበጥ እየቆረጡ በሌላ ችግኝ ግንድ ላይ አጣበቁ፤ እነዚያን ለዘር ብቻ በተለየ ማሳ ላይ ተከሉ። ዛሬ የዘር ማምረቻ ማሳ የሚባለው የዚያ ልጅ ነው። እኛም አገር እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በኖርዌይ መንግሥት ገንዘብና በዓለም አግሮፎረስትሪ ማዕከል መሪነት ለአገር በቀል ዛፎች ጭምር እንዲህ ዓይነት ማሳ የማቋቋም ሥራ ተጀምሯል። ማሳው ግን ዛሬ ተተክሎ ነገ አያብብም። አበባ እስኪይዝ ዓመታት ይወስዳል፤ እስከዚያ ድረስ የጎንደር ዘር የሚመጣው ከቆመው ዛፍ ነው።

ከቆመው ዛፍ መምረጥ እንዴት ነው? በዓይን «ይሄ ያምራል» ማለት አይበቃም። የተለመደው ዘዴ ዕጩውን ዛፍ በዙሪያው ካሉ፣ ዕድሜያቸው ከሚቀራረብና በአንድ ዓይነት አፈር ላይ ከቆሙ አምስት ጥሩ ጥሩ ጎረቤቶቹ ጋር ማወዳደር ነው። ቁመቱ፣ ውፍረቱ፣ የግንዱ ቀጥታ፣ የቅርንጫፉ አወጣጥ፣ ጤንነቱ ይለካል። ከጎረቤቶቹ በግልጽ ከበለጠ ምክንያቱ አፈሩ ሳይሆን ደሙ ሊሆን እንደሚችል ይገመታል። ሊሆን እንደሚችል ነው፤ የሚረጋገጠው ልጆቹ ተተክለው ሲታዩ ብቻ ነው። ማሳ መካከል ብቻውን ለቆመ ዋንዛ ይህ ዘዴ አይሠራም፤ የሚወዳደርበት ጎረቤት የለውም። እዚህ ላይ ነው አበባ ሰውን የሚያሳስተው።

ብቻውን የቆመ ዛፍ ብርሃን ከአራቱም ማዕዘን ያገኛል። ዘውዱ ይሰፋል፤ ከታች ጀምሮ እስከ ጫፉ ያብባል። ማዳበሪያ የሚረጭበት ማሳ ላይ ከሆነም ሥሩ ከገበሬው ድርሻ ይካፈላል። ይኸው ዛፍ ደን ውስጥ ተጨናንቆ ቢያድግ ኖሮ የሚያብበው አናቱ ላይ ብቻ ይሆን ነበር። ስለዚህ ከመንገድ ዳር በነጭ አበባ ተሸፍኖ የሚታየው ዋንዛ «ምርጥ አበቢ» ነው ማለት አይቻልም፤ ምናልባት ምርጥ ቦታ ያገኘ ነው። በጫካ ውስጥ ጥቂት ያበበው ረጅም ዛፍ ደግሞ ሰነፍ አይደለም።

ይህ ማለት ግን የማበብ ችሎታ በዘር አይተላለፍም ማለት አይደለም። በብዙ የዛፍ ዝርያዎች በዘር ማምረቻ ማሳ ላይ በተደረገ ክትትል፣ በአንድ አፈርና በአንድ ዕድሜ ላይ ቆመው አንዳንዶቹ በየዓመቱ አብዝተው ሲያብቡ ሌሎቹ በየዓመቱ ሲሰስቱ ተስተውሏል። ባለሙያዎች በግርድፉ የሚሉት አለ፦ 20 በመቶ የሚሆኑት ዛፎች 80 በመቶውን ዘር ይሰጣሉ። ይህ ቁጥር ለዘር ለቃሚ የምሥራች፣ ለደን ግን ማስጠንቀቂያ ነው። ከ30 ምርጥ ዛፎች ለቅመናል ብለን ብንመዘግብ፣ ጆንያው ውስጥ ያለው ዘር ግን አብዛኛው የስድስቱ ሊሆን ይችላል። መዝገቡ 30 እናቶች ይላል፤ ተራራው ላይ የሚቆመው የስድስት እናቶች ቤተሰብ ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ስለሆነ ይገርማል። ከእያንዳንዱ እናት ዛፍ እኩል መጠን መውሰድ ነው፤ ለምሳሌ ከእያንዳንዷ አንድ ጣሳ፣ ያውም ከተንዠረገገችዋም ከሰሰተችውም። የተረፈው ለወፍ ይቅር። በኪሎ የሚከፈለውን ለቃሚ ይህን አድርግ ማለት ግን ኪሱን ቀንስ ማለት ነው። ክፍያው በኪሎ መሆኑ ቀርቶ በዛፍ ቁጥር ካልሆነ ምክሩ ወረቀት ላይ ይቀራል። በእኔ እምነት ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ወደ ሥራ ቢለወጥ ይሄ ይሁን።

ሌላው ነገር፣ አበባውን ያላየ ሰው ፍሬውን ብቻ አይቶ ሊያውቀው የማይችለው ጉዳይ፣ የአባት ጉዳይ ነው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ፣ ቁጥር 94፣ አራት አገር በቀል ዛፎችን ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ በስም ጠቅሶ ከልክሎ ነበር፦ ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ጥድ። ከአራቱ ሦስቱ፣ ማለትም ኮሶ፣ ዝግባና ጥድ፣ ወንዴና ሴቴው በተለያየ ዛፍ ላይ የሚገኝ ነው። ጥድ አልፎ አልፎ ሁለቱን አንድ ላይ ቢይዝም ልማዱ መለያየት ነው። ስለዚህ በፍሬ ጊዜ የሚመጣ ለቃሚ የሚያየው ሴቴዎቹን ብቻ ነው። ወንዴው በዚያ ሰዓት ምንም አይሰጥም፤ መዝገብ ውስጥ አይገባም፤ ማገዶ ሲታጣ «ይሄማ የማያፈራ ነው» ተብሎ ቀድሞ መጥረቢያ የሚያርፍበትም እሱ ነው። የችግኙን ግማሽ ባሕርይ የሰጠው ግን እሱ ነው። እናት ብቻ መርጦ ምርጥ ዘር አገኘሁ ማለት ግማሽ ምርጫ ነው።

ኮሶ ላይ ልዩነቱ ከሩቅ ይታያል። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ፣ ኮሶዬን አልፎ ወገራ ደጋ ላይ፣ ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ጊዜ በየቤቱ ጓሮና በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር የቀረውን ኮሶ ቀና ብሎ ማየት ነው። የሴቴዋ አበባ ጥቅጥቅ ያለ፣ ወደ ቀይ የሚያደላ፣ ከብዶ ወደታች የተንጠለጠለ ዘለላ ነው። የወንዴው ሳሳ ያለ ላባ መሳይ፣ ወደ ነጣ ያለ ቢጫነት የሚያደላ ነው፤ ሴቴዋን የሚያስረግዘውን የአበባ ብናኝ ለነፋስ ከሰጠ በኋላ ይረግፋል። አያቶቻችን ይህን ልዩነት ጠንቅቀው ያውቁ ነበር፤ ለመድኃኒትነት የሚፈልጉት የሴቴዋን አበባ፣ ያውም ሳይጎመራ ነበርና። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ከአገራችን ዛፎች መካከል ጽፎ ለአውሮፓ ካስተዋወቃቸው አንዱ ይኸው ኮሶ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ደረቁ አበባ እስከ አውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ዘልቋል። የዛሬው ክኒን ከመጣ ወዲህ ያንን ፊት የሚያኮሳትር ጽዋ የሚፈልግ ሰው ጥቂት ነው። ከጽዋው ጋር ግን ዕውቀቱም እየሄደ ነው፤ ሴቴና ወንዴ ኮሶን ለይቶ የሚያሳይ ወጣት የደን ባለሙያ ማግኘት ከባድ እየሆነ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ጥድ ደግሞ ይበልጥ አታላይ ነው። ሴቴዋ ጥድ ሰማያዊ ወደ ጥቁር የሚመታ፣ ነጭ አመድ የተነሰነሰባት የምትመስል ትንሽ ክብ ፍሬ ትይዛለች። አንዷን ፍሬ በሁለት ጣት ጨፍልቆ ሥጋዋን ማስወገድ ነው፤ ውስጧ ጥቂት ጠንካራ ዘሮች ይገኛሉ። አንዱን ዘር በጥፍር መቁረጫ ለሁለት መክፈል። ነጭ፣ ጥብቅ፣ ቅባት ያለው ነገር ከታየ ሕይወት አለው። ቡናማ ቅርፊትና አየር ብቻ ከሆነ ባዶ ነው። ሌላውን መክፈል። እሱም ባዶ። ሦስተኛው ላይ ትንሽ ቀዳዳ ይታያል፤ ተርብ መሳይ ነፍሳት ውስጡን በልቶ የወጣበት ነው። እንዲህ እያሉ መቶ ዘር መቁረጥ የአንድ ሰዓት ሥራ እንኳን አይሆንም፤ የችግኝ ጣቢያውን የስድስት ወር ውጤት ግን አስቀድሞ ይናገራል።

ባዶነቱ ከየት መጣ? ጥድ ብናኝ ባታገኝም ፍሬዋን ታሳድጋለች። ከወንዴ ርቃ ብቻዋን የቆመች ሴቴ ጥድ ቅርንጫፏ እስኪጎብጥ ልታፈራ ትችላለች፤ ጆንያ ይሞላል፣ ሚዛን ይነሣል፣ ዘሩ ግን አይበቅልም። ጣቢያው «የጥድ ዘር አስቸጋሪ ነው» ብሎ ይመዘግባል። በእርግጥም የጥድ ዘር በተፈጥሮው ለመብቀል ቀናተኛ አይደለም፤ ግን የአንዳንዱ ችግር ዘሩ ውስጥ ሳይሆን ከዘሩ በፊት በነበረው አበባ ጊዜ፣ በነፋሱ አቅጣጫ ወንዴ ባለመኖሩ ነው። በደብረ ብርሃን ሥላሴ ቅጥር ውስጥ እንዳለው ጥዱ በአንድ ላይ በርከት ብሎ በቆመበት ቦታ የሚለቀም ዘርና ከአንዲት የማሳ ዳር ጥድ የሚለቀም ዘር በሚዛን እኩል ቢመዝኑም እኩል አይደሉም።

(በነገራችን ላይ፣ አበባን ፈልጎ ለማየት ከሁሉ የሚያስቸግረው የጎንደር ዛፍ በጥምቀት ሁሉም የሚያየው ነው፦ በፋሲለደስ መዋኛ ግንብ ላይ ሥሩን እንደ ጣት የጨበጠው የሾላ ወገን። አበባው ያለው ፍሬ ብለን በምንጠራው ክብ ነገር ውስጥ ነው፤ ብናኙን የምታመላልሰውም በፍሬው ጫፍ ባለች ቀዳዳ የምትገባ ሚጢጢ ተርብ ብቻ ናት። ተርቧ ከጠፋች ዛፉ ቢያምርም ዘር የለውም።)

እንግዲህ ያረጁ፣ ቀጥ ያሉ፣ አጠገብ ለአጠገብ የሚያብቡ ዛፎች የት ቀሩ ቢባል መልሱ ከሞላ ጎደል አንድ ነው፦ በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ። ደቡብ ጎንደር ብቻ ከሺህ በላይ የቤተ ክርስቲያን ደኖች አሉት። ዓለማየሁ ዋሴ ለዶክትሬት ጥናቱ ከእነዚህ መካከል 28ቱን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2007 ባቀረበው ሥራ፣ እነዚህ ደኖች ለአካባቢው የዛፍ ዝርያዎች የመጨረሻ መጠጊያ መሆናቸውን አሳይቷል። ከዚያ ወዲህ በብዙ አድባራት ዙሪያ የድንጋይ ካብ ተክቧል። ታራ ገዳምን የመሰለ ሰፊ ደን ያለው ግን ጥቂቱ ነው፤ አብዛኛው ጥቂት ሄክታር የሆነ፣ በእርሻ ማሳ የተከበበ ደሴት ነው።

ለእናት ዛፍ ምርጫ ይህ መልካምም ክፉም ነው። መልካሙ መጥረቢያ ስላልገባ ቀጥ ያለው ዛፍ አሁንም መኖሩ ነው። ክፉው ዝምድናው ነው። በትንሽ ደን ውስጥ ያሉ ዛፎች ብዙዎቹ የጥቂት አሮጌ ዛፎች ልጆችና የልጅ ልጆች ሊሆኑ ይችላሉ፤ የሚዳቀሉትም እርስ በርሳቸው ነው። በአገራችን ወንድና ሴት ሲታጩ ሽማግሌ ሰባት ቤት ቆጥሮ ዝምድና እንደሌለ ካላረጋገጠ ጋብቻው አይጸናም፤ ለዛፉ ግን ሰባት ቤት የሚቆጥርለት የለም። ዘመድ ከዘመድ ሲዳቀል የሚያፈራው ዘር ብዙ ጊዜ ባዶ ይሆናል፤ የበቀለውም አቅመ ቢስ ይሆናል። ስለዚህ ከአንድ ደብር ብቻ፣ ምንም ዛፉ ቢያምር፣ የአንድ ወረዳን ዘር መልቀም ስህተት ነው። የዘር ባለሙያዎች የሚመክሩት ቢያንስ ከ25 እስከ 30 ከሚሆኑ፣ እርስ በርሳቸው ከ50 እስከ 100 ሜትር በተራራቁ እናት ዛፎች መልቀም ነው። በአንድ አነስተኛ ደብር ቅጥር ውስጥ ይህ ርቀት አይገኝም። ከአምስት ወይም ከስድስት አድባራት አምስት አምስት ዛፍ መርጦ ዘሩን መቀላቀል ግን ይቻላል። ለዚህም የሚያስፈልገው ከየደብሩ አስተዳዳሪና ቄሰ ገበዝ ጋር መነጋገር ነው፤ ዛፉ የታቦቱ ነውና በማንም ትእዛዝ አይለቀምም፣ በአክብሮት ከተጠየቀ ግን የሚከለከልበት ምክንያት የለም።

እስካሁን የደጋውንና የወይና ደጋውን አወራን። ወደ ምዕራብ ጎንደር፣ ወደ መተማና ቋራ ቆላ ሲወረድ የአበባ ጥያቄ መልኩን ይለውጣል። የዕጣን ዛፍ የሚያብበው ቅጠሉን አራግፎ በበጋ ነው። ዕጣን የሚመረተውም በዚያው በጋ ነው፤ ግንዱን በየሁለትና በየሦስት ሳምንቱ እያቆሰሉ ሙጫውን ይለቅማሉ። ዛፉ ቅጠል በሌለው ወቅት ያለው ስንቅ ክረምት ያጠራቀመው ብቻ ነው። ከዚያ ስንቅ ቁስሉን ይደፍናል፣ ሙጫ ያወጣል፣ ካተረፈ ያብባል። ኤርትራ ውስጥ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ምርምር ይህን በቁጥር አሳይቷል፦ ካልቆሰሉ ዛፎች ከተለቀመው ዘር ከ80 በመቶ በላይ ሲበቅል፣ ያለማቋረጥ ከቆሰሉት የተለቀመው ከ16 በመቶ በታች ነበር የበቀለው። አበባውም ፍሬውም በቁጥር ያነሰ ነበር።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል። መተማ አካባቢ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት፣ ሁኔታው በዚሁ ከቀጠለ የዕጣን ዛፉ በ50 ዓመት ውስጥ በ90 በመቶ ሊመናመን እንደሚችል ሲተነብይ፣ ያልቆሰሉትም ደኖች እየተመናመኑ መሆናቸውን አብሮ ተናግሯል። እሳት፣ ልቅ ግጦሽና ግንድ የሚሰረስር ጢንዚዛ ድርሻቸው ትልቅ ነው፤ ችግኙ ቢበቅልም ከፍየልና ከሰደድ እሳት አያመልጥም። ስለዚህ ማቁሰል ይቁም ማለት መልስ አይሆንም፤ በዚያ ሙጫ የሚተዳደር ብዙ ሰው አለ። ለዘር የሚሆኑ ዛፎችን መለየት ግን ሌላ ነገር ነው። በእያንዳንዱ የዕጣን ማኅበር ይዞታ ውስጥ ጥቂት ጤናማ ዛፎች ቀለም ተቀብተው ለተከታታይ ዓመታት ሳይቆስሉ ቢያርፉ፣ አበባቸው ዘር ይሆናል። ዋጋው የጥቂት ዛፎች ሙጫ ነው። እርግጥ በአሁኑ የክልሉ የጸጥታ ሁኔታ ባለሙያ ወደዚያ ቆላ ወርዶ ዛፍ መቁጠሩ እንደ ጽሑፉ አይቀልም፤ ግን ዛፉን የሚያውቀው ባለሙያው ሳይሆን አቁሳዩ ራሱ ነው፤ ቀለሙን ለእሱ መስጠት ይቻላል።

ብዙ አበባ የሚሰጥ ዛፍ መምረጥ ሁልጊዜ ትክክል ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር መልሱ «ለምን ፈለግኸው?» ነው። ዛፍ ያለውን ኃይል ያካፍላል፤ ብዙ ባበበበት ዓመት ግንዱ የሚጨምረው ውፍረት እንደሚቀንስ በብዙ ዝርያዎች ታይቷል። ለሳንቃ የሚፈለግ ዛፍ ዘር ለመስጠት የሚበቃውን ያህል ቢያብብ ይበቃዋል። ለንብ ማነቢያ የሚተከል ብሳና፣ ግራዋ ወይም ዋንዛ ግን አበባው ራሱ ምርቱ ስለሆነ፣ አብዝቶና ቀድሞ የሚያብበውን መምረጥ ተገቢ ነው። የአንገረብን ተፋሰስ ለመያዝ የሚተከለው ደግሞ ሥሩ ይበልጣል። አንድ ጆንያ ዘር ለሦስቱም ዓላማ ይበቃል የሚለው አሠራር ነው የማይሠራው። አበባን በሆርሞን ማስገደድም አለ፤ የጥድ ወገን የሆኑ ዛፎች፣ የፈረንጅ ጥድን ጨምሮ፣ ጅበርሊን በሚባለው ሆርሞን በለጋነታቸው ሊያብቡ ይችላሉ። ያ ግን የዘር ማምረቻ ማሳ ላለው ነው፤ እኛ ገና ዛፎቻችንን አልቆጠርንም።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምርበት ወር ይለወጥ ነው የምለው። አሁን ባለው ልማድ የዘር ጉዳይ የሚነሣው ጣቢያው መደብ አዘጋጅቶ «ዘር የለም» ሲል፣ ጥርና የካቲት ላይ ነው። ያን ጊዜ አብዛኛው አበባ አልፏል፤ ወንዴው ከሴቴው አይለይም፤ ማን ከማን ጋር አብሮ እንዳበበ አይታወቅም። ዋንዛ ክረምቱ ሲወጣ በነጭ ይሸፈናል፤ ኮሶ ከጥቅምት ጀምሮ ይከተላል። ዛፍ ለመምረጥ ቀበሌ ለቀበሌ መዞር የሚገባው ያን ጊዜ ነው። የልማት ጣቢያ ባለሙያው አንድ ቆርቆሮ ቀለም፣ ደብተርና ቦታ የሚይዝ ስልክ ይበቃዋል። ግንዱን ያያል፣ ጎረቤቶቹን ያወዳድራል፣ አበባውን ያያል፣ ወንዴውንም ሴቴውንም ይመዘግባል። ፍሬ ሲደርስ ለቃሚው የሚሄደው ወደተቀባው ዛፍ ብቻ ይሆናል። ዘር ከጠቅላላው የተከላ ወጪ ትንሹ ነው፤ ጉድጓድ ቁፋሮው፣ ማጓጓዣውና የሰው ጉልበቱ እጅግ ይበልጠዋል። ለትንሿ ወጪ ሰስተን ትልቋን በጠማማ ዛፍ ላይ ነው የምናፈሰው።

አንድ የሚቀር እንቅፋት አለ፣ እሱም ባለቤትነት ነው። ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ ያለው ምርጥ ዋንዛ የገበሬ ነው። ቀለም የተቀባበት ዕለት «መንግሥት ሊወርሰኝ ነው» ብሎ ቢሰጋ አይፈረድበትም፤ ከሥጋቱ የተነሣ ቀድሞ ቢቆርጠውም እንደዚያው። አናጢው ለግንዱ አንድ ጊዜ ይከፍለዋል፤ የልጅ ሠርግ ወይም የማዳበሪያ ዕዳ ሲመጣ ደግሞ ያ አንድ ጊዜ ብዙ ነው። ዛፉ እንዲቆም ከተፈለገ በየዓመቱ ለዘሩ የሚከፈለው ድምር ከግንዱ ዋጋ መብለጥ አለበት፤ ውሉም በጽሑፍ፣ ቀበሌው ባለበት፣ ዛፉ የእሱ መሆኑን ከፊት አስቀምጦ መፈረም አለበት። ከፋዩ የችግኝ ጣቢያው ነው? ወረዳው ነው? ወይስ በዘሩ የሚነግደው አቅራቢ? ለዘር ግዢ የሚያዘው በጀት አሁንም የሚሰላው በኪሎ ነው፤ ዛፉን ለማቆም የሚከፈልበት መደብ የለውም።